የምራቅ ዕጢ ካንሰርና የሕሙማን መደጋገፍ፦ ከእብናት አንጻር የቀረበ ምልከታ

አኅጽሮተ ጽሑፍ

የምራቅ ዕጢ ካንሰር እምብዛም የማይገኝ ሕመም በመሆኑ፣ በአንድ ወረዳ የሚኖር ሕመምተኛ ያንኑ ሕመም የታመመ ሌላ ሰው በአቅራቢያው የሚያገኝበት ዕድል ጠባብ ነው። ይህ ጽሑፍ በደቡብ ጎንደር ዞን የምትገኘውን እብናት ወረዳን መነሻ አድርጎ፣ የሕሙማን መደጋገፍ እንዲህ ባለ ሕመም ላይ በምን መሠረት ሊቆም እንደሚችል ይመረምራል። በቅድሚያ የሕመሙን ጠባይ፣ ወደ ሕክምና የሚወስደውን መንገድና ከሕክምና በኋላ የሚቀረውን ጉዳት ያያል። ቀጥሎ በዚያው ዞን በእስቴ ወረዳ የተሞከረውን የሳንባ ነቀርሳ (ቲቢ) ሕሙማን ማኅበራት ልምድ ከዚህ ጋር ያነጻጽራል። የጽሑፉ መከራከሪያ አንድ ነው፦ ብዛት ለሌለው ሕመም የሕመም ባልንጀራ መፈለግ ያለበት በምርመራ ውጤት ስም ሳይሆን በጋራ ጉዳትና በጋራ መንገድ ነው።

ቁልፍ ቃላት፦ የምራቅ ዕጢ ካንሰር፣ የሕሙማን መደጋገፍ፣ ማኅበር፣ የቲቢ ማኅበራት፣ ደቡብ ጎንደር፣ እብናት

1. መግቢያ

በጆሮ ሥር፣ በመንጋጋ ሥር ወይም በአንገት ላይ የሚወጣ እባጭ በደቡብ ጎንደር ደጋማ ወረዳዎች አዲስ ነገር አይደለም። ሕዝቡ ለእባጮች የየራሳቸው ስም ሰጥቷቸዋል። በልጆች ላይ ጉንጭን አሳብጦ በቀናት ውስጥ የሚለቀው ጆሮ ደግፍ ይባላል። ከቁስል ወይም ከጥርስ ሕመም ጋር ተያይዞ የሚያብጠው ንፍፊት ነው። በአንገት ፊት ለፊት የሚያድገው ደግሞ እንቅርት ነው። ስም ያለው ሕመም ታሪክም አለው፤ ማን እንደታመመው፣ በምን እንደዳነ፣ ስንት ጊዜ እንደቆየ የሚናገር ጎረቤት አይጠፋም። ሳያምም ቀስ እያለ የሚያድግ፣ በወራት ወይም በዓመታት ውስጥ ፊትን የሚያጣምም እባጭ ግን ከእነዚህ ስሞች በአንዱም ሥር በቀላሉ አይመደብም። የምራቅ ዕጢ ካንሰር ብዙ ጊዜ የሚገለጠው በዚህ መልክ ነው።

የሕመሙን ብርቅነት በአኃዝ ማየት ይቻላል። በዓለም አቀፍ መዛግብት መሠረት የምራቅ ዕጢ ካንሰር በዓመት ከ100 ሺህ ሰዎች መካከል አንድ ሰው ያህል ወይም ከዚያ ያነሰ ይይዛል። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የደቡብ ጎንደር ዞን ሕዝብ 2,051,738 ነበር። ይህ ምጣኔ እንደ ላይኛ ወሰን ቢወሰድ፣ በዚያ የሕዝብ ብዛት በመላው ዞን በዓመት 20 ያህል አዳዲስ ሕሙማን ቢገኙ ነው። ከ200 ሺህ በላይ ሕዝብ ባላት እብናት ደግሞ ቁጥሩ ሁለት ቢሆን ነው። ሕመሙ በዕድሜ በገፉ ሰዎች ላይ ስለሚበዛና የዞኑ ሕዝብ በአብዛኛው ወጣት ስለሆነ፣ እውነተኛው ቁጥር ከዚህም ሊያንስ ይችላል። ይህ ስሌት የመዝገብ ቆጠራ አይደለም፤ የነገሩን መጠን ለማሳየት ብቻ የቀረበ ነው።

ከዚህ መጠን የሚነሣው ጥያቄ ቀላል ይመስላል፤ መልሱ ግን ቀላል አይደለም። የሕሙማን መደጋገፍ ሕይወትን እንደሚያቀል በብዙ ሕመሞች ታይቷል። ሆኖም ባልንጀራ ለመሆን ቢያንስ ሁለት ሰው ያስፈልጋል። ሁለተኛው ሰው በቀበሌውም፣ በወረዳውም፣ ምናልባትም በዞኑ ከሌለ መደጋገፉ በምን ላይ ይቆማል?

2. የሕመሙ ጠባይ

ምራቅ የሚያመነጩት ዋና ዋና ዕጢዎች በጥንድ ሦስት ናቸው፤ የጆሮ ሥር ዕጢ፣ የመንጋጋ ሥር ዕጢና የምላስ ሥር ዕጢ። ከእነዚህ ሌላ ከ600 እስከ 1,000 የሚደርሱ ጥቃቅን ዕጢዎች በከንፈር፣ በጉንጭ ውስጠኛ ገጽ፣ በላንቃና በጉሮሮ ተበትነው ይገኛሉ። በምራቅ ዕጢዎች ላይ ከሚነሡት እባጮች ብዙዎቹ በጆሮ ሥር ዕጢ ላይ የሚታዩ ሲሆን፣ ከእነዚህም አብዛኞቹ ካንሰር አይደሉም። ዕጢው እያነሰ በሄደ ቁጥር ግን በላዩ የሚነሣው እባጭ ካንሰር የመሆን ዕድሉ እየጨመረ ይሄዳል። ስለዚህ በምላስ ሥር ወይም በላንቃ ላይ የምትታይ ትንሽ እብጠት በጆሮ ሥር ካለች ትልቅ እብጠት ይልቅ ልታሳስብ ትችላለች።

ካንሰሩ አንድ ዓይነት አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅት ምደባ ከ20 የሚበልጡ ዓይነቶችን ይለያል። በብዛት የሚገኘው ሚውኮኤፒደርሞይድ ካርሲኖማ ነው፤ ይህም ራሱ ከዝግተኛ እስከ ፈጣን ይለያያል። አዴኖይድ ሲስቲክ ካርሲኖማ የሚባለው ደግሞ ቀስ ብሎ የሚያድግ ቢሆንም በነርቮች ሽፋን እየተከተለ የመሰራጨት ጠባይ አለው። ሕመምተኛው ድኛለሁ ካለ ከዐሥር ዓመትና ከዚያም በላይ በኋላ በሳንባ ላይ ሊታይ ይችላል። የዚህ ዓይነት ሕመምተኛ የአምስት ዓመት ክትትል ጨርሶ «ተፈውሷል» ተብሎ የሚሰናበት አይደለም። ኑሮው ከረጅም ጥበቃ ጋር የተሳሰረ ነው።

የሕክምናው ዋና መሠረት ቀዶ ሕክምና ነው። እንደ ካንሰሩ ዓይነትና ደረጃ የጨረር ሕክምና ይከተላል። በመርፌና በኪኒን የሚሰጡት ፀረ ካንሰር መድኃኒቶች በዚህ ሕመም ላይ ያላቸው ድርሻ ከጡት ወይም ከደም ካንሰር ጋር ሲነጻጸር ውስን ነው። በቀዶ ሕክምናው ላይ ትልቁ ጥንቃቄ የፊት ነርቭን የሚመለከት ነው፤ ይህ ነርቭ የጆሮ ሥር ዕጢን ሰንጥቆ ስለሚያልፍ በዕባጩ ሊጠቃ፣ ወይም ካንሰሩን ለማስወገድ ሲባል ሊቆረጥ ይችላል። ሕመሙ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ በአንድ ዋንጫ መጠጣት፣ በአንድ ገበታ መብላትም ሆነ መጎራረስ ለማንም አያጋባም። ይህ ነጥብ ለሐኪም ግልጽ ቢሆንም ለጎረቤት ግን ሁልጊዜ ግልጽ አይደለም። ለዚህም አንዱ ምክንያት ቋንቋው ራሱ ነው። ቲቢ «የሳንባ ነቀርሳ» ሲባል፣ ካንሰርም በቀድሞው አጠራር «ነቀርሳ» ነው። አንዱ የሚተላለፍና በወራት መድኃኒት የሚድን፣ ሌላው የማይተላለፍና የተለየ ሕክምና የሚሻ ሆነው ሳሉ ስም ይጋራሉ።

3. ከቀበሌ እስከ ጨረር ክፍል

የኢትዮጵያ የጤና አደረጃጀት ሦስት እርከን አለው። በታችኛው እርከን ጤና ኬላ፣ ጤና ጣቢያና የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ይገኛሉ። ከዚያ በላይ ከ1 እስከ 1.5 ሚሊዮን ሕዝብ እንዲያገለግል የታሰበው አጠቃላይ ሆስፒታል አለ፤ በመጨረሻም ከ3.5 እስከ 5 ሚሊዮን ሕዝብ እንዲያገለግል የታሰበው ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ይመጣል። የእብናት ገበሬ ከቀበሌው ተነሥቶ በወረዳው በኩል ወደ ደብረ ታቦር፣ ከዚያም ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ ጎንደር፣ ካስፈለገም ወደ አዲስ አበባ ይላካል። ከደብረ ታቦር ባሕር ዳር ወደ 100 ኪሎ ሜትር ነው። ከባሕር ዳር አዲስ አበባ ደግሞ እንደ መንገዱ ምርጫ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ይሆናል።

በዚህ መንገድ ላይ መዘግየት የሚፈጠረው በርቀት ብቻ አይደለም። እባጩ አያምምም፤ የማያምም ነገር ደግሞ ለእርሻ ወራት አይቀድምም። በአገሪቱ ከሳንባ ውጭ ያለ ቲቢ፣ በተለይም የአንገት ዕጢ ቲቢ፣ በብዛት የሚታይ ሕመም በመሆኑ የጤና ባለሙያ ሐሳብ መጀመሪያ ወደዚያ ቢያዘነብል የሚያስደንቅ አይደለም። ሆኖም በቀጭን መርፌ ናሙና ሳይወሰድ የቲቢ ሕክምና ቢጀመር፣ ስድስት ወር ካለፈ በኋላ የሚታየው ያላነሰ እባጭ ይሆናል። ብዙዎች ደግሞ ከሕክምና በፊት ወይም ከሕክምናው ጎን ለጎን ወደ ጸበል ይሄዳሉ። በዚህም ሂደት ውስጥ ጊዜ ያልፋል፤ ይሁንና በጸበልተኞች መካከል የሚፈጠረው አብሮ ማደር፣ አብሮ መጸለይና መጠያየቅ ለሕመምተኛው የመጀመሪያው የሕመም ባልንጀርነት መሆኑ መዘንጋት የለበትም። በዞኑ በደራ ወረዳ እንደሚገኘው የዋንዛዬ ፍል ውኃ ባሉ ቦታዎችም ሕሙማን ለቀናት አብረው ይቆያሉ። በዚህ ቆይታ ማንም ማንንም የሕመሙን ስም አስቀድሞ አይጠይቅም፤ መታመሙ ብቻ ለመተዋወቅ በቂ ነው።

የጨረር ሕክምና በኢትዮጵያ ለሁለት ዐሥርት ዓመታት ያህል በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ሲሰጥ ቆይቷል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በጅማና በሐረር ተጨማሪ ማዕከላት ሥራ ጀምረዋል። ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚሰጠው ጨረር በተለምዶ በሳምንት አምስት ቀን፣ ለስድስት ሳምንታት ያህል የሚዘልቅ ነው። እያንዳንዱ ጨረር ደቂቃዎችን ብቻ ይወስዳል፤ የቀረው ጊዜ የመጠበቅ ጊዜ ነው። ለእብናት ሰው ይህ ማለት ተራውን ከመጠበቁ ሌላ ከአንድ ወር ተኩል በላይ ከቤቱ ርቆ ማደሪያና ምግብ መፈለግ ማለት ነው። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በሙከራ ሲጀመር ከተመረጡት 13 ወረዳዎች አንዷ የደቡብ ጎንደሯ ፎገራ ነበረች። መድኑ ከዚያ ወዲህ ተስፋፍቶ ለብዙ ቤተሰብ የሕክምናን ወጪ አቅልሏል። የተቋቋመው ግን ለሕክምና አገልግሎት እንጂ ለአውቶቡስ፣ ለማደሪያና ለአስታማሚ ቀለብ አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ የቀጠለው ግጭት ደግሞ መንገዱን ይበልጥ አክብዶታል።

ይህ ረጅም መንገድ ግን አንድ ያልታሰበ ነገር ያስገኛል። ሕመምተኛው በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱ እንደርሱ ያበጠ፣ አንገቱ እንደርሱ የተሰፋ፣ ምግብ እንደርሱ የሚያንቀው ሰው የሚያገኘው በጨረር ክፍሉ በር ላይ ባለው አግዳሚ ወንበር ነው። ሕክምናው ሲያልቅ አንዱ ወደ ሐረርጌ፣ ሌላው ወደ ጎንደር ይመለሳል፤ የተጀመረውም ባልንጀርነት ብዙ ጊዜ እዚያው ይቀራል።

4. ከሕክምና በኋላ የሚቀረው

የምራቅ ዕጢ ካንሰር የታከመበት ሰው ከሞት ፍርሃት ሌላ ከዕለታዊ ጉዳት ጋር ይኖራል። ጨረር ያገኘው አፍ ይደርቃል። ምራቅ ሲጠፋ ጣዕም ይለወጣል፤ ደረቅ ምግብ ከላንቃ ላይ ይጣበቃል፤ ጥርስም በፍጥነት ይበሰብሳል። መንጋጋ ሊተሳሰርና አፍ በወጉ አልከፈት ሊል ይችላል። የፊት ነርቭ ከተጎዳ የአንድ ወገን ፊት ይወድቃል፤ ዓይን አይከደንም፤ ከአፍ ጥግ ምራቅና ውኃ ይፈሳል። የጆሮ ሥር ዕጢው የወጣለት ሰው ምግብ ሲበላ ጉንጩ ላይ ላብ ችፍ ሊል ይችላል፤ ይህም በቀዶ ሕክምናው የተቆረጡ ቀጫጭን የነርቭ ክሮች ተመልሰው ሲበቅሉ ከላብ ዕጢዎች ጋር በመገናኘታቸው የሚመጣ ነው።

እነዚህ ጉዳቶች በሐኪም መዝገብ የአፍና የፊት ጉዳቶች ናቸው። በእብናት ቤት ግን የገበታ ጉዳቶች ናቸው። በአንድ መሶብ ዙሪያ የሚበላ ቤተሰብ ውስጥ በርበሬው የሚያቃጥለው፣ እንጀራው የሚያንቀው፣ በእያንዳንዱ ጉርሻ ውኃ የሚጠጣ ሰው ገበታውን ያዘገያል። ጉርሻ ሲዘረጋለት አፉ አይከፈትም፤ እምቢ ቢል ፍቅርን እንደ መግፋት ይቆጠርበታል። ከአፉ ጥግ ሲፈስበት በነጠላ ይሸፍናል። ቀስ በቀስ «እኔ በኋላ እበላለሁ» ማለት ይጀምራል። ከመሶብ የራቀ ሰው ከሰንበቴውም፣ ከድግሱም፣ ከለቅሶ ቤቱም ይርቃል፤ በእነዚህ ሁሉ ቦታዎች ሳይበላና ሳይጠጣ መገኘት አስቸጋሪ ነውና። በዚህ መልኩ ከአንድ ዕጢ የተነሣ ጉዳት ሰውየውን ከማኅበራዊ ኑሮው ያወጣዋል።

እንዲህ ባለ ጉዳይ የሐኪም ምክር አስፈላጊ ቢሆንም በቂ አይደለም። ሐኪሙ «ለስላሳ ምግብ ብላ፣ ውኃ አዘውትር» ይላል። ገብስና ድንች በሚበቅልበት ደጋ ይህ ምክር ወደ ቤት ምግብ መተርጎም አለበት፦ በሶው ይቅርና አጥሚቱ ይሁን፤ ድንቹ በደንብ ይቀቀልና ይፈጭ፤ ሽሮው ያለ በርበሬ ይቅጠን፤ ተልባው ይዘጋጅ። ተልባ በዚህ ረገድ ልዩ ትኩረት ይገባዋል። የተልባ ልህግ እንደ ምራቅ ምትክ በስዊድን ተሞክሮ ለአፍ ድርቀት ሲያገለግል ቆይቷል። ደጋው ለጾም መጠጥ የሚያውቀው እህል ለደረቀ አፍም ሊያገለግል የሚችል መሆኑን ለሌላው የሚነግረው፣ ማታ ማታ አፉ እየደረቀ የሚነቃ ሰው ቢሆን ቃሉ ይበልጥ ይሰማል። ገበታ ላይ እንዴት እንደተቀመጠ፣ ጉርሻን በምን ቃል እንደመለሰ፣ ዓይኑን ሌሊት በምን እንደሸፈነ የሚያውቀውም ያው ሰው ነው። የሕመም ባልንጀራ የሚሰጠው ዕውቀት ይህ ነው።

5. የእስቴ ልምድ

ሕሙማን ተሰባስበው መደጋገፋቸው ለደቡብ ጎንደር እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በእስቴ ወረዳ የቲቢ ሕሙማን ማኅበራት ተመሥርተው ነበር። ኃይለኢየሱስ ጌታሁን ከባልደረባው ጋር እ.ኤ.አ. በ2000፣ መዓዛ ደምሴና ባልደረቦቿ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2003 ስለ እነዚህ ማኅበራት ያሳተሟቸው ጥናቶች በዓለም አቀፍ የቲቢ ሥነ ጽሑፍ ውስጥ ቦታ አግኝተዋል።

አሠራሩ ቀላል ነበር። በአንድ አካባቢ የሚኖሩ ጥቂት ሕሙማን በአንድነት ይቦደናሉ፤ መሪያቸውን ራሳቸው ይመርጣሉ፤ በሰፈራቸው በየጊዜው ይገናኛሉ፤ መድኃኒት ለመቀበልም በአንድ ቀን አብረው ወደ ጤና ተቋም ይሄዳሉ። መድኃኒት የተወውን ያበረታታሉ፤ የመድኃኒቱ ጠንቅ የበረታበትን ወደ ጤና ተቋም ይልካሉ፤ የሚያስለውን ጎረቤት እንዲመረመር ይመክራሉ። ማኅበራቱ በነበሩበት ወረዳ ሕክምናቸውን እስከ መጨረሻው የተከታተሉት ሕሙማን ድርሻ ማኅበራቱ ካልነበሩበት ወረዳ ከፍ ያለ ሆኖ ተገኝቷል። ሕዝቡ ስለ ቲቢ የነበረው አመለካከትም ተለውጧል፤ ቀድሞ ይደበቅ የነበረው ሕመም በአደባባይ የሚነገር ሆነ።

የዚህ ስኬት አንዱ ምሥጢር አደረጃጀቱ ከውጭ የመጣ አለመሆኑ ነው። ማኅበር፣ ሰንበቴና እድር ላለው ሕዝብ በቀን ቆርጦ መገናኘት፣ ሙሴ መምረጥ፣ የቀረውን መጠየቅ፣ የታመመውን መጎብኘት የታወቀ ሥርዓት ነው። የቲቢ ማኅበራቱ አዲስ ይዘትን በነባር ቅርጽ ውስጥ አስቀመጡ።

ይሁን እንጂ የእስቴ አሠራር በሦስት ነገሮች ላይ የቆመ ነበር። አንደኛ፣ ሕመሙ ብዙ ሰው ስለያዘ በአንድ ቀበሌ ጥቂት ሕሙማንን ማግኘት ይቻል ነበር። ሁለተኛ፣ ሕክምናው ለሁሉም ተመሳሳይና በወራት የሚያልቅ ነበር። ሦስተኛ፣ አብዛኞቹ ይድኑ ነበር። የምራቅ ዕጢ ካንሰር ሦስቱንም ያሳጣል፤ ሕሙማኑ ጥቂት ናቸው፣ ሕክምናው እንደ ዓይነቱ ይለያያል፣ ጥበቃውም ዓመታት ይፈጃል። ስለዚህ ከእስቴ መወሰድ ያለበት የማኅበሩ ሥርዓት እንጂ የአባልነቱ መመዘኛ አይደለም።

6. ባልንጀራው ማን ነው?

በሌላው ዓለም ለዚህ ጥያቄ ሁለት ዓይነት መልስ ተሰጥቷል። የመጀመሪያው ሕሙማንን በካንሰሩ ዓይነት ማሰባሰብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 በአሜሪካ በአዴኖይድ ሲስቲክ ካርሲኖማ የታመመች ሴትና ባለቤቷ ለዚህ አንድ ዓይነት ካንሰር ምርምር የሚውል ድርጅት መሠረቱ። በልዩ ልዩ አገሮች የተበተኑ ሕሙማን በአንድ ስም ተገናኙ፤ ተመራማሪዎችም ለጥናት የሚሆን ናሙና ማግኘት ቀለላቸው። ሁለተኛው መልስ ሕሙማንን በጉዳታቸው ማሰባሰብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 እዚያው አሜሪካ ከአፍ ካንሰር የተረፈች ሴት የመሠረተችው ማኅበር የአፍን፣ የራስንና የአንገትን ካንሰር ሁሉ በአንድነት የያዘ ነው። በዚህኛው መንገድ የምላስ፣ የጉሮሮና የምራቅ ዕጢ ካንሰር ሕሙማን አንድ ላይ ይቀመጣሉ፤ ሁሉም የደረቀ አፍ፣ የተሳሰረ መንጋጋና የተለወጠ ፊት አላቸውና።

የመጀመሪያው መንገድ ሰፊ የኢንተርኔት ግንኙነት፣ የውጭ ቋንቋና በትክክል የተለየ የፓቶሎጂ ውጤት ይጠይቃል። ለእብናት ሕመምተኛ ሦስቱም ሩቅ ናቸው። ሁለተኛው መንገድ ግን ቅርብ ነው። በዞኑ በዓመት ሁለት አሥር የማይሞሉት ሕሙማን፣ በአፍ፣ በጉሮሮ፣ በእንቅርት ዕጢና በአንገት ካንሰር ከታመሙት ጋር ሲደመሩ ማኅበር የሚወጣቸው ይሆናሉ። የምራቅ ዕጢ ካንሰር ከራስና አንገት ካንሰሮች ሁሉ ከ6 በመቶ የማይበልጥ ድርሻ እንዳለው ሲታሰብ፣ ለአንዱ ሕመምተኛ የጉዳት ባልንጀሮቹ ብዛት ግልጽ ይሆናል።

ለዚህ ሁለተኛ መልስ በአገር ውስጥም ማስረጃ አለ። ልጃቸውን በደም ካንሰር ያጡ ወላጆች በ1996 ዓ.ም. የመሠረቱት የማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ከአንድ ቤተሰብ ሐዘን ተነሥቶ ለልዩ ልዩ ካንሰር ሕሙማን የሚደርስ ተቋም ሆኗል። የተስፋ አዲስ የሕፃናት ካንሰር ወላጆች ድርጅትም ለሕክምና ከክልል የሚመጡ ልጆችንና ወላጆችን ያስጠልላል። በእንዲህ ያለው ማደሪያ ወላጆችን የሚያገናኛቸው የልጆቻቸው ካንሰር አንድ ዓይነት መሆኑ አይደለም፤ አንድ መንገድ መጓዛቸውና አንድ ጣሪያ ሥር ማደራቸው ነው። በኤች አይ ቪ ሕክምናም ቫይረሱ በደማቸው የሚገኝ ሰዎች በጤና ተቋማት ውስጥ ተመድበው አዲስ የሚመጡትን እንዲያማክሩና እንዲያበረታቱ መደረጉ፣ የሕሙማን ዕውቀት ከበጎ ፈቃድ አልፎ የሕክምናው ሥርዓት አካል ሊሆን እንደሚችል አሳይቷል።

ከእነዚህ ልምዶች በመነሣት ለደቡብ ጎንደር ሦስት መገናኛዎችን ማሰብ ይቻላል። የመጀመሪያው የቀጠሮ ቀን ነው። የራስና የአንገት ካንሰር ሕሙማን ክትትል በተቻለ መጠን በአንድ ቀን ቢቀጠር፣ እንደ እስቴው ሁሉ የሕክምና ቀኑ ራሱ የማኅበር ቀን ይሆናል፤ ለመሰባሰብ ሲባል ሌላ የጉዞ ወጪ አይጠየቅም። ሁለተኛው ማደሪያው ነው፤ ለጨረር የሚሄደውን ሰው አስቀድሞ ሄዶ ከተመለሰው ጋር ከጉዞው በፊት ማገናኘት፣ የት እንደሚያርፍ፣ ምን ይዞ እንደሚሄድ፣ በሦስተኛው ሳምንት አፉ ሲቆስል ምን እንደሚጠብቀው እንዲያውቅ ያደርጋል። ሦስተኛው ስልክ ነው። በክልሉ ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ የተቋረጠበት ጊዜ ስለነበረ፣ ግንኙነቱ በተራ የድምፅ ጥሪ ላይ ቢመሠረት ይመረጣል። የንግግር ችግር ያለበት ሕመምተኛ በቤተሰብ አባል በኩል እንዲደውልም ቦታ ሊተውለት ይገባል።

7. ጥንቃቄ የሚሹ ነጥቦች

የሕሙማን መደጋገፍ የራሱ ገደቦች አሉት። የመጀመሪያው ከዚሁ ከተመረጠው መመዘኛ ይመጣል። ልዩ ልዩ ካንሰር የያዛቸው ሰዎች አንድ ላይ ሲቀመጡ የአንዱ መድኃኒት ለሌላው የሚሠራ መስሎ ሊታይ ይችላል። የጉሮሮ ካንሰር ያለበትን ሰው የረዳ የመርፌ መድኃኒት ለምራቅ ዕጢ ካንሰር ሕመምተኛ ላይታዘዝ ይችላል፤ ይህም «ነፈጉኝ» የሚል ጥርጣሬ ያሳድራል። የዝግተኛው ካንሰር ባለቤት ተስፋ ለፈጣኑ ካንሰር ባለቤት የሐሰት ተስፋ፣ የፈጣኑም ፍጻሜ ለዝግተኛው ከንቱ ፍርሃት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መስመሩ ከመጀመሪያው መሰመር አለበት፤ ስለ አበላል፣ ስለ ጉዞ፣ ስለ ፊትና ስለ ገበታ ሕሙማን ይነጋገሩ፤ ስለ መድኃኒትና ስለ ሕመሙ ሂደት የሚነሣው ጥያቄ ግን ወደ ሐኪም ይመለስ።

ሁለተኛው የመንገርና ያለመንገር ጉዳይ ነው። በኢትዮጵያ የካንሰርን ዜና ሐኪሙ በቅድሚያ ለቤተሰብ መንገሩ፣ ቤተሰቡም ከሕመምተኛው መሸሸጉ የተለመደ ነው። መርዶን በሥርዓትና በሰዓቱ የሚያረዳ ባህል ክፉ ወሬን በድንገት አለመናገርን እንደ ርኅራኄ ይቆጥረዋል። ሆኖም «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለውም የዚያው ባህል ቃል ነው። የሕመሙን ስም ያልሰማ ሰው ማኅበር ሊገባ አይችልም፤ ወይም ማኅበሩ ውስጥ ገብቶ ስሙን ከማያውቀው ሰው አንደበት ይሰማዋል። ስለዚህ ከሌሎች ሕሙማን ጋር ማገናኘት ከመንገር በኋላ የሚመጣ እርምጃ መሆን አለበት። በሌላ በኩል፣ ከሕመሙ ጋር ዓመታት የኖረን ሰው በዓይን ማየት ቤተሰቡ ለመንገር የሚያጣውን ድፍረት ሊሰጠው ይችላል፤ ካንሰር ማለት ያኑ ዕለት ሞት ማለት አለመሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ የለምና።

ሦስተኛው ሞት ነው። እንዲህ ያለ ማኅበር አባላቱን መቅበሩ አይቀርም። በሌሎች አገሮች የሕሙማን ቡድኖች ከሚፈተኑባቸው ነገሮች አንዱ ይህ ሐዘን ነው። በዚህ ረገድ የደጋው ሕዝብ ሥርዓት አቅም ይሆናል። እድር ለሞት ተቋቁሞ በሞት የማይፈርስ ተቋም ነው፤ ማኅበርም የሞተ አባሉን በጽዋው ቀን ያስበዋል። የሕሙማኑ ስብስብ ሐዘኑን የሚሸከምበትን ሥርዓት ከውጭ መማር አያስፈልገውም።

አራተኛው የሴቶች ሁኔታ ነው። የፊት መበላሸት ለሁሉም ከባድ ቢሆንም፣ በትዳር ዕድሜ ላለች ሴት የሚያስከትለው መገለል ይበረታል። ለጨረር ስድስት ሳምንት ከቤት መራቅም ውኃ የምትቀዳ፣ እንጀራ የምትጋግርና ልጅ የምታሳድግ እናት ለሌለችበት ቤት ሌላ ፈተና ነው። ስለዚህ የሴቶች ባልንጀርነት የሚያስፈልገው ለማጽናናት ብቻ አይደለም። በሌለችበት ቤቷን ማን እንደሚይዝላት መምከርን፣ ከቀበሌ ሴቶችና ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጋር መያያዝንም ይጨምራል።

8. መደምደሚያ

በምራቅ ዕጢ ካንሰር የታመመ የእብናት ሰው ብቸኛ የሚሆነው ሕመሙ ብርቅ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ባልንጀራው በሕመሙ ስም ብቻ ስለሚፈለግለትም ጭምር ነው። በስሙ ሲፈለግ አይገኝም። በደረቀ አፉ፣ በወደቀ ፊቱ፣ ከመሶብ በመራቁና በረጅሙ መንገዱ ሲፈለግ ግን በደብረ ታቦርም፣ በባሕር ዳርም፣ በጥቁር አንበሳ አግዳሚ ወንበርም ይገኛል። የእስቴ የቲቢ ማኅበራት እንዳሳዩት የደቡብ ጎንደር ሕዝብ ሕሙማንን የሚያስተሳስርበት ቅርጽ አለው። የቀረው ሥራ ያንን ቅርጽ ከቀበሌ ወደ ቀጠሮ ቀን፣ ከአንድ ሕመም ወደ ጋራ ጉዳት ማሻገር ነው።

ይህ ለተመራማሪዎች የሚተወው ጥያቄ ግልጽ ነው። የራስና የአንገት ካንሰር ሕሙማን ከሕክምና በኋላ ወደ ገበታቸውና ወደ ማኅበራቸው ምን ያህል ይመለሳሉ? የቀጠሮ ቀንን አንድ ማድረግ ክትትል የሚያቋርጡትን ቁጥር ይቀንሳል? ቀድሞ የሄደ ሰው ምክር ያገኘ ሕመምተኛ የጨረር ሕክምናውን ሳያቋርጥ የመጨረስ ዕድሉ ከፍ ይላል? እነዚህ ጥያቄዎች ውድ መሣሪያ አይጠይቁም። የሚጠይቁት በአግባቡ የተያዘ መዝገብ፣ በየወረዳው የሚደረግ ክትትልና የሕመምተኛውን ቃል በጥሞና የሚሰማ ጆሮ ነው።